በግል የሚሠሩ የኢንተርኔት ኮሚኮች፦ ንባባችሁን የት ገጽ ላይ አቆማችሁ?

የማታ አንባቢ ጻፈ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ መድረክ ስለ ኮሚኮች፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕል ስለሚተረኩ ታሪኮች፣ የሚጻፈውን ለረጅም ጊዜ ሳነብ ቆይቻለሁ፤ አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ቅር ይለኛል። ብቻውን ደርሶ፣ ብቻውን ሥሎ፣ ያለ አሳታሚና ያለ አርታኢ በኢንተርኔት በነፃ የሚለቅ ሰው ሥራውን ሲያቀርብ የሚደርሰው አስተያየት ወይ «በጣም ያምራል፣ በርታ» ነው፣ ወይ «ሥዕሉ ደካማ ነው» ነው። ሁለቱም በማግስቱ እርሳሱን ሲያነሣ የሚይዘው ነገር አይሰጡትም። ስለዚህ ሌላ ዓይነት አስተያየት እንድንለማመድ እጠይቃለሁ። ያነበባችሁትን ኮሚክ ስም ጥቀሱ፤ ንባባችሁን በየትኛው ገጽ ወይም ምዕራፍ እንዳቆማችሁና ለምን እንዳቆማችሁ በግልጽ ጻፉ። እስከ መጨረሻው የዘለቃችሁበት ካለም ምን ይዞ እንዳቆያችሁ ንገሩን።

ይህን የምጠይቀው ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የጎረቤታችን ልጅ በታብሌት የሣለውን የአርባ ገጽ ታሪክ በቴሌግራም ላከልኝ። ሰባተኛው ገጽ ላይ አቆምኩ፤ ሁለቱ ወንድማማቾች በፊትም በልብስም አንድ ዓይነት ስለሆኑብኝ ማን እንደሚናገር መለየት አቃተኝ። ልጁ ሲጠይቀኝ ግን ልቡን እንዳልሰብረው ብዬ «እጅህ ይባረክ፣ ቀጥልበት» አልኩት። እርሱም ቀጠለበት፤ ሌላ ሠላሳ ገጽ ጨመረ፤ ወንድማማቾቹ አሁንም አይለዩም ነበር። አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቶኝ «ጋሼ፣ ታላቅየው ሲሞት ምን ተሰማዎት?» አለኝ። መሞቱን አላውቅም ነበር። ዝም ስል ፊቱ ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

እንግዲህ ከራሴ ልጀምር፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ያላቆምኩት ኮሚክ የሪች በርሉ «ኦርደር ኦፍ ዘ ስቲክ» ነው። በ2003 የተጀመረ ሲሆን ሰዎቹ ክብ ጭንቅላትና በመስመር የተሠሩ እጅና እግር ብቻ ያላቸው ናቸው። ሆኖም ከገጽ ገጽ ማን ማን እንደሆነ አንድም ጊዜ አልተምታታብኝም፤ እያንዳንዱ በልብሱ ቀለም፣ በጸጉሩ ቅርጽና ከሁሉም በላይ በአነጋገሩ ይለያል። መጀመሪያ ለቀልድ ብቻ የገባ የሚመስል ነገር ከብዙ መቶ ገጾች በኋላ የታሪኩ ምሰሶ ሆኖ ይመጣል። በ2012 ደራሲው ያለቁ መጻሕፍቱን እንደገና ለማሳተም ኪክስታርተር በሚባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ 57,750 ዶላር ሲጠይቅ አሥራ አምስት ሺህ ያህል ሰዎች ከ1.25 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰጡት። እነዚህ ሰዎች ታሪኩን ለዓመታት በነፃ ያነበቡ መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ያቆምኩት ደግሞ የፊልና የካያ ፎሊዮ «ገርል ጂኒየስ» ነው። በ2005 ከወረቀት ወደ ኢንተርኔት የዞረ፣ በ2009፣ በ2010 እና በ2011 በተከታታይ ለሳይንሳዊ ልቦለድና ለምናባዊ ሥራዎች የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት ያገኘ ሥራ ነው፤ ባልና ሚስቱ ከሦስተኛው በኋላ ለሌሎች ዕድል እንዲሆን በቀጣዩ ዓመት ከውድድሩ ራሳቸውን ማግለላቸውንም አከብራለሁ። ነገር ግን በየገጹ ያሉት የሥዕል ሣጥኖች በሰውና በዕቃ የታጨቁ ናቸው፤ ምዕራፍ በተለወጠ ቁጥር አዲስ ሰው ይገባል፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ አንዳንድ ገጽ እየተለቀቀ አንድ ትዕይንት ለወራት ይጓዛል። አንድ ሰኞ ላይ አዲሱን ገጽ ከፍቼ በሥዕሉ ካሉት አምስት ሰዎች የማውቀው አንዲቱን ብቻ መሆኑን ስረዳ አቆምኩ። የሥዕሉ ጥበብ አላቆየኝም፤ ይህንንም ስናገር ሥራውን ለማሳነስ አይደለም።

—

እርሳስ ቀራጭ ጻፈ፦

ጥያቄዎ ከቅን ልብ የመጣ መሆኑ ይገባኛል፤ ነገር ግን መስማማት አልቻልኩም። አንድ ሰው ማታ ማታ ከሥራ ተመልሶ፣ ከእንቅልፉ ቀንሶ የሠራውን በነፃ ሲያካፍለን፣ እኛ «ሰባተኛው ገጽ ላይ ጥዬህ ሄድኩ» ብለን መንገር ግዴታችን የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው? ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ይባላል። እኔ የኅትመት ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ የአንድ ገጽ ዲዛይን ስንት ሰዓት እንደሚበላ አውቃለሁ፤ የሚሥለው፣ ቀለም የሚቀባው፣ ጽሑፉን የሚያስገባውና ለአንባቢ መልስ የሚሰጠው አንድ ሰው ሲሆን ደግሞ ድካሙ ምን እንደሚያህል ለመገመት አያስቸግረኝም።

የጠቀሱትን በርሉን ራሱን እንይ። ያን ሁሉ ገንዘብ ባገኘበት በ2012 መገባደጃ እጁን ክፉኛ ተጎድቶ ኮሚኩ ለወራት ቆመ። አንድ እጅ ሲጎዳ ሥራው ሁሉ የሚቆም ከሆነ፣ ይህን ሥራ ድርጅት ከሚያሠራው ኮሚክ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍትሕ አይመስለኝም። ካናዳዊቷ ኬት ቢተን ታሪክን የሚያዋዙ አጫጭር ኮሚኮቿን ለአሥር ዓመት ያህል ስትለቅ ቆይታ በ2018 በቃኝ ብላ አቆመች። አሁን ያሉት ሥዕሎች ለአንባቢ ተቀምጠዋል፤ እኔም የተሰጠኝን አመስግኜ ተቀብያለሁ።

ሌላም ነገር አለ። «ስማክ ጂቭስ» የሚባለው፣ ብዙ ጀማሪዎች ኮሚካቸውን በነፃ ያስቀምጡበት የነበረ ገጽ በ2020 መጨረሻ ሲዘጋ፣ ሠሪዎቻቸው ወደ ሌላ ቦታ ያላሻገሯቸው ብዙ ታሪኮች አብረው ጠፉ። እኔ እከታተለው የነበረ አንድ ታሪክም ከጠፉት አንዱ ነው። ያን ጊዜ የተጸጸትኩት ድክመቱን ስላልነገርኩት አይደለም፤ እያነበብኩት መሆኑን አንድም ቀን ስላልጻፍኩለት ነው።

—

የማታ አንባቢ ጻፈ፦

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርዎ ልቤን ነክቶታል፤ የምንለያየውም ያሰብነውን ያህል አይመስለኝም። «እዚህ ድረስ አንብቤያለሁ» ማለት ራሱ እያነበቡት መሆኑን መንገር ነው። «በርታ» የሚለው ሰው አንድ ገጽ እንኳ ላይከፍት ይችላል። «ሰባተኛው ገጽ ላይ አቆምኩ» የሚለው ግን ቢያንስ ስድስቱን አንብቧል፤ ሠሪውም ይህን ያውቃል።

—

ሩቅ አገር ጻፈች፦

እኔ የምኖረው ስዊድን ነው፤ ስለዚህ በዚሁ አካባቢ ከተወለደ ሥራ ልጀምር። ሚና ሱንድበርግ «ስታንድ ስቲል ስቴይ ሳይለንት» የሚለውን ኮሚኳን በ2013 ጀምራ እስከ 2022 ሠርታዋለች። ከዚያ በፊት ለመለማመጃ ብላ አንድ ሙሉ ታሪክ፣ «ኤ ሬድቴይልስ ድሪም» የሚለውን፣ ጀምራ ጨርሳለች፤ ለዋናው ሥራ እጇን ለማፍታታት መጽሐፍ የሚያህል ነገር መሥራቷ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ታሪኩ ከወረርሽኝ የተረፉት የሰሜን አገሮች ከዘጠና ዓመት በኋላ ምን እንደሚመስሉ ያሳያል። ከተጓዦቹ መካከል በቋንቋ የማይግባቡ አሉ፤ ሠዓሊዋም ማን በየትኛው ቋንቋ እንደሚናገር ለማሳየት ከንግግሩ አጠገብ ትንሽ ሰንደቅ ዓላማ ታስቀምጣለች። አንዱ ፊንላንዳዊ ከራሱ ቋንቋ ሌላ ስለማያውቅ ጓደኞቹ ሲነጋገሩ እርሱ ዝም ብሎ ይቀመጣል። እኔ እዚህ አገር በመጣሁበት የመጀመሪያ ዓመት በሥራ ቦታ ምሳ ስንበላ እንዴት እቀመጥ እንደነበር አንድ ሠዓሊ ሣለችልኝ ብል ማጋነን አይሆንም።

ሆኖም አቁሜ ነበር። ያቆምኩት ሥራው ተበላሽቶ አይደለም፤ በየቀኑ አንድ አንድ ገጽ እየጠበቅሁ ሳነብ ጸጥ ያሉት ገጾች ሰለቹኝ። በረዶ፣ ዛፍ፣ ባዶ መንገድ፤ ነገም በረዶ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከመጀመሪያው ጀምሬ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ሳነበው፣ ያን ጊዜ ያስቆሙኝ ገጾች ትንፋሼን ይዤ የማልፋቸው ሆኑ። ስለዚህ «የት አቆማችሁ» ለሚለው ጥያቄ አንድ ነገር መጨመር አለበት፤ በየቀኑ እየጠበቃችሁ ነው ያነበባችሁት ወይስ ተጠራቅሞ? ሠሪው ይህን ካላወቀ ጥሩውን ገጽ ቆርጦ ሊጥል ይችላል።

ተመልሼ ያልገባሁበት ደግሞ የአንድሩ ሃሲ «ሆምስታክ» ነው። ከሚያዝያ 13 ቀን 2009 እስከ ሚያዝያ 13 ቀን 2016 ድረስ ከስምንት ሺህ በላይ ገጾች የተለቀቁበት፣ ተንቀሳቃሽ ሥዕልና ጨዋታ ሁሉ የገባበት ትልቅ ሥራ ነው። እኔ በአምስተኛው ክፍል መጀመሪያ፣ አሥራ ሁለቱ ቀንዳም ገጸ ባሕርያት በየተራ ሲተዋወቁ አቆምኩ። እያንዳንዳቸው የራሳቸው አጻጻፍ አላቸው፤ አንዱ ፊደልን በቁጥር ይተካል፣ ሌላው ፊደል ይደጋግማል። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ለሆነ ሰው ይህ ጣዕም ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አማርኛ ተናጋሪ ነኝ፤ እንግሊዝኛን የተማርኩት በትምህርት ቤት ነው፤ አንዱን መስመር ሦስት ጊዜ ስደግም ታሪኩ ከእጄ ወጣ። ይህ የደራሲው ጥፋት አይደለም፤ እኔ ያልተጻፈልኝ አንባቢ ነበርኩ። ግን ይህንንም መናገር እውነት ነው።

—

የሰሌዳ ልጅ ጻፈ፦

እኔ የሥዕል መምህር ነኝ፤ «ሥዕሉ ደካማ ነው» የሚለውን አስተያየት በተመለከተ ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም በዚህ ዘርፍ እንደዚህ ተደጋግሞ፣ እንደዚህም ትርጉም አጥቶ የሚነገር ነገር አላውቅም።

ራያን ኖርዝ በ2003 የጀመረው «ዳይኖሰር ኮሚክስ» ሥዕሉ አይለወጥም። ስድስቱ ሣጥኖች ሁልጊዜ አንድ ናቸው፤ የሚለወጠው ንግግሩ ብቻ ነው። ቀድሞ የናሳ ባልደረባ የነበረው ራንዳል መንሮ በ2005 የጀመረው «ኤክስ ኬ ሲ ዲ» ሰዎቹ ፊት እንኳ የላቸውም። ሆኖም ይኸው ሰው በመጋቢት 2013 «ታይም» የሚል አንድ ሥዕል ለቀቀ፤ ሁለት ሰዎች ባሕር ዳር ተቀምጠዋል። ሥዕሉ መጀመሪያ በየግማሽ ሰዓቱ፣ በኋላም በየሰዓቱ በሌላ ሥዕል ይተካ ነበር። አንዷ በአሸዋ ቤት መሥራት ጀመረች። ይህ እስከ ሐምሌ ቀጥሎ 3,099 ሥዕሎች ሲደርስ ረጅም ታሪክ ሆኖ ተጠናቀቀ፤ በ2014ም የሁጎ ሽልማት አገኘ። እኔ ከተማሪዎቼ ጋር ስናየው ማንም «ፊት የለውም» አላለኝም። የባሕሩ ውኃ መጠን ከፍ ማለቱን ከእኔ ቀድማ ያየችው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት።

ጃፓናዊው «ዋን» በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ሠዓሊ በ2009 በኢንተርኔት የጀመረውን «ዋን ፓንች ማን» የሚባለውን ተመልከቱ። የመጀመሪያው ሥዕል አንድ ተማሪ በደብተሩ ጠርዝ የሞነጫጨረው ይመስላል። ዩሱኬ ሙራታ የተባለው ድንቅ ሠዓሊ ግን ታሪኩን ወድዶ በ2012 እንደ አዲስ መሣል ጀመረ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው የሙራታው ያስደምመኛል፤ ግን የትኛው ሣጥን ቀድሞ እንደሚነበብ፣ ቡጢው ከየት ተነሥቶ የት እንዳረፈ፣ በመጀመሪያውም ሥራ ግልጽ ነበር።

ስለዚህ ልጆቼን የማስተምረው ይህን ነው፤ ያላማረና ያልገባን ነገር አይደባለቅ። እጅ ያላማረ ከሆነ ጊዜና ልምምድ ያስተካክለዋል፤ ኤን ዲ ስቲቨንሰን «ኒሞና»ን በ2012 የጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪ ሆኖ ሲጀምረውና በ2014 ሲጨርሰው ያለው የመስመር ልዩነት ለዓይን የሚታይ ነው፤ መጽሐፍ ሆኖ በ2015 ታተመ፣ በ2023 ፊልም ሆነ። ያልገባን ነገር ከሆነ ግን ሠሪው ብቻውን ፈጽሞ ሊያየው አይችልም፤ እርሱ ታሪኩን አስቀድሞ ያውቀዋልና። የማታ አንባቢ የጎረቤታቸውን ልጅ ወንድማማቾች መለየት አለመቻላቸው የሥዕል ውበት ጉዳይ አይደለም፤ ከሌላ ሰው ዓይን በቀር ማንም ሊነግረው የማይችል ነገር ነው። እባክዎ አሁንም ቢሆን ይንገሩት።

—

ሐይቅ ዳር ጻፈ፦

እኔ ያለሁት ሐዋሳ ነው፤ ሁሉንም የማነበው በስልክ ነው። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ የማቆመው በታሪኩ አይደለም። ለኮምፒውተር ተብሎ የተሠራ ሰፊ ገጽ በስልኬ ላይ ሲመጣ ጽሑፉን ለማንበብ በሁለት ጣት ማስፋት፣ ወደ ጎን መሳብ፣ እንደገና ማጥበብ አለብኝ፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ይደክመኛል። ኮሪያውያን ዌብቱን በሚባለው የስልክ ኮሚክ ያስለመዱት ከላይ ወደ ታች በአንድ ጣት እየሳቡ የሚነበበው አሠራር ለእኔ ይመቸኛል። እርሱም ቢሆን አንድ ክፍል ብዙ ሥዕል ስለሚጭን የዳታ ጥቅሌን ይበላል፤ በወሩ መጨረሻ ላይ አቆማለሁ፣ ጥቅል ስገዛ እመለሳለሁ። ለአገራችን አንባቢ የሚሥል ሰው ካለ ይህን ይወቅልኝ።

—

ብራና ጻፈች፦

ይህን ውይይት ሦስት ቀን ሳነብ ቆየሁና ለመጻፍ ወሰንኩ። እኔ ሠሪ ነኝ። በአማርኛ አጭር ኮሚክ እየሠራሁ ነው፤ ሽሮ ሜዳ ስለሚኖር አንድ ሸማኔና ስለ አሥራ አንድ ዓመት ልጁ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ገጾች አያይዣለሁ። እስካሁን ለዘመድና ለጓደኛ ከማሳየት በቀር የትም አላወጣሁትም፤ ሁሉም «ጎበዝ» ብለውኛል፤ ማንም ግን ሰባተኛውን ገጽ ጠይቆኝ አያውቅም። የማታ አንባቢ እንዳሉት፣ የት እንዳቆማችሁ ንገሩኝ።

ከማንበባችሁ በፊት ስለ ጽሑፉ አንድ ነገር ላስረዳ። በእንግሊዝኛ ኮሚክ የሚሠሩ ሰዎች የንግግሩን ክብ በአጫጭር ቃላት ይሞሉታል። የእኛ ግሥ ግን ማን እንዳደረገው፣ ለማን እንዳደረገው፣ አለማድረጉንም በአንድ ቃል ተሸክሞ ይመጣል፤ «አላስረዳኋቸውም» ብዬ ስጽፍ ጠባቡ ክብ በአንድ ቃል ይሞላል። ቃሉን ለሁለት ስከፍለው ደግሞ ግማሹ ሌላ ቃል ይመስላል። የድሮ መጻሕፍትን ገልጬ ሳይ ጸሐፊዎቹ ቃሉን መስመሩ ባለቀበት ፊደል ላይ ቆርጠው ወደሚቀጥለው መስመር ያሻግሩታል፤ አንባቢ ግን አይደናገርም፤ ቃል ያለቀው ሁለት ነጥብ ያለበት ቦታ ብቻ መሆኑን ያውቃልና። ስለዚህ እኔም በንግግሮቹ ውስጥ ሁለት ነጥብን መልሻለሁ። ፊደሉንም በእጄ ጻፍኩት፤ ያገኘኋቸው ፎንቶች የጋዜጣ ወይም የመማሪያ መጽሐፍ መልክ ስላላቸው የሕፃን ልጅ ድምፅ አልሰማባቸውም አልኩ።

የሣጥኖቹን አደራደር የወሰድኩት ከፒያሳ ሥዕል ሻጮች ነው። በልጅነቴ አባቴ ይዞኝ ሲያልፍ የንግሥተ ሳባን ታሪክ የያዘው ሸራ ተሰቅሎ አየው ነበር፤ አርባ አራት ሣጥን በአንድ ጨርቅ ላይ፣ ከእያንዳንዱ ጋር አንድ አጭር ጽሑፍ፣ ከግራ ወደ ቀኝ በየረድፉ። ኮሚክ የሚባል ነገር ሳላውቅ ታሪክን በሥዕል ማንበብ የተማርኩት ከዚያ ሸራ ነው። በአማርኛና በእንግሊዝኛ የወጣውን፣ የኢታን ኮሚክስን «ጀምበር» በ2018 ሳይ የተደሰትኩት ከሁሉ በላይ በአማርኛው ነበር፤ የእኛ ከተማ ልጅ በኮሚክ ውስጥ በእኛ ፊደል ሲናገር ማየት እንደሚቻል አወቅሁ።

—

የማታ አንባቢ ጻፈ፦

እህቴ ብራና፣ ስለ ድፍረትዎ አመሰግናለሁ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያቆምኩት ሦስተኛው ገጽ አራተኛው ሣጥን ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ልጅቷ አባቷን በበሩ ስንጥቅ እየሰለለች ነበር፤ በአራተኛው ሣጥን ግን ከሸማው አጠገብ ቆማለች። መቼ ገባች? አባቷስ አይቷታል? ወደ ኋላ ተመልሼ የዘለልኩት ገጽ ያለ መስሎኝ ፈለግሁ። ሁለት ነጥቡን በተመለከተ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ክቦች ዓይኔን አስቸግሮኛል፤ ከዚያ በኋላ መኖሩን ረሳሁት። እንዲያውም የልጅቷ ንግግር ቀስ ብሎ እንዲነበብልኝ አድርጓል።

መምህር፣ ምክርዎን ተቀብያለሁ። ትናንት ማታ ለጎረቤታችን ልጅ ደውዬ እውነቱን ነገርኩት። ጥቂት ዝም አለና «ታናሽየውን ኮፍያ ባደርግለትስ?» አለኝ። ለአርባ ደቂቃ ስለ ኮፍያው ተነጋገርን።

—

ሩቅ አገር ጻፈች፦

እኔ አላቆምኩም፤ በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት። ነገር ግን በሁለተኛው ገጽ የአባትየውን መልስ ከልጅቷ ጥያቄ በፊት አነበብኩት፤ የእርሱ ክብ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ዓይኔ ቀድሞ እርሱ ላይ አረፈ። አምስተኛው ገጽ ላይ፣ ልጅቷ ያልተሸጠውን ነጠላ ለብሳ የምትተኛበት ሥዕል ምንም ንግግር የለውም። እባክሽ ማንም ቢመክርሽ ጽሑፍ እንዳትጨምሪበት። እዚያ ላይ ብዙ ቆየሁ።

—

ሐይቅ ዳር ጻፈ፦

በስልክ አነበብኩት። አንደኛውና ሁለተኛው ገጽ ይነበባሉ። ከሦስተኛው ጀምሮ ፊደሉ ስላነሰ ማስፋት ነበረብኝ። አልደብቅሽም፣ ሦስተኛው ላይ ትቼው ምሳ በላሁ፤ ከምሳ በኋላ ግን ተመለስኩ።

—

እርሳስ ቀራጭ ጻፈ፦

በዚህ ውይይት ውስጥ የተቃወምኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ግን ሠሪዋ ራሷ ጠይቃለችና ዝም ብል ንፍገት ይሆንብኛል። እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ። አባቴ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰድዶ ሲሠራ ከጎኑ ተቀምጬ ነው ያደግሁት፤ ስለዚህ ይህን ታሪክ ስከፍት ልቤ ይመታ ነበር። ያቆምኩት አራተኛው ገጽ ላይ ነው። በሁለተኛው ሣጥን አባትየው መወርወሪያውን በቀኝ እጁ ይዟል፤ በሦስተኛው ሣጥንም በቀኝ እጁ ይዟል። ሸማኔ በቀኝ ወርውሮ በግራ ይቀበላል፤ ማጉን ይመታል፤ ከዚያ በግራ ወርውሮ በቀኝ ይቀበላል። መወርወሪያው እዚያው ቀኝ እጅ ላይ ከቀረ ሰውየው እየሠራ አይደለም፤ ይዞት ተቀምጧል። እኔ እንዲያውም አንድ ነገር አስቦ ሥራውን ያቆመ መስሎኝ ምን እንደሆነ ለማወቅ ቀጣዮቹን ሣጥኖች ፈለግሁ፤ ምንም አላገኘሁም።

ይህን ለማረም ብዙ አያስፈልግሽም። መወርወሪያውን በሦስተኛው ሣጥን ወደ ግራ እጁ አሻግሪው፤ በሁለቱ ሣጥኖች መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ድሩን አቋርጦ ያልፋል፤ አንባቢው ያልሣልሽውን ውርወራ ያያል። ደግሞም እግሩን አሳይው። ስድስት ገጽ ሙሉ እግሩን አላየሁም። የእኛ ቤት ድምፅ የእግሩ ድምፅ ነበር።

—

ብራና ጻፈች፦

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። እስከ ዛሬ ከተነገረኝ ሁሉ የመወርወሪያው ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። ዛሬ ጠዋት ሽሮ ሜዳ ሄጄ አንድ አባት አስፈቅጄ ሲሠሩ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ፤ በእርግጥም እንደተባለው ነው፤ እጃቸው ሳይሆን እግራቸው ቀድሞ ይንቀሳቀሳል። እኔ የሣልኩት ከፎቶግራፍ ነበር፤ ፎቶግራፍ ደግሞ መወርወሪያው የት እንደሚሄድ አይናገርም።

አራተኛውን ገጽ እንደ አዲስ ሠርቼዋለሁ። ሦስት ሣጥን የነበረው አራት ሆኗል፤ አዲሱ ሣጥን ጉድጓዱን ከላይ ወደ ታች የሚያሳይ ሲሆን እግራቸው ብቻ ይታያል። በሦስተኛው ገጽ ልጅቷ በሩን ስትገፋ የሚያሳይ ጠባብ ሣጥን አስገብቻለሁ፤ አባትየውም ቀና ሳይል «ግቢ» ይላታል። የሁለተኛውን ገጽ ክብ ዝቅ አድርጌዋለሁ። ፊደሉን ለስልክ ለማተለቅ ግን ከየንግግሩ ላይ ቃል መቀነስ ነበረብኝ፤ አሥራ ሁለት ቦታ ቀነስኩ፤ ሁለት ቦታ አልቀነስኩም፤ የአባትየው አነጋገር ረዘም ያለና ዞሮ የሚመጣ እንዲሆን እፈልጋለሁና ሐይቅ ዳር እዚያ ላይ ትንሽ ማስፋት ይኖርብዎታል። አምስተኛውን ገጽ አልነካሁትም።

ስድስተኛው ገጽ ላይ ማንም አላቆመም፤ ማንም ግን ስለ እርሱ አንድ ቃል አልጻፈም። ሰባተኛውን ከመጀመሬ በፊት እርሱን ብቻ ለይታችሁ ብታነቡልኝና በመጨረሻው ሣጥን ላይ ልጅቷ ማንን እያየች እንደሆነ ያሰባችሁትን ብትጽፉልኝ እወዳለሁ። እኔ የሣልኩት ማን እንደሆነ አሁን አልናገርም።